«ይበቃኛል» ማለትን መማር፦ ለሠራተኛ ሰው የ40 ቀን መመሪያ

በየዓመቱ የማየው ነገር አንድ ነው። ጾም ሲገባ፣ ወይም ከግሸን መልስ፣ ሰው አዲስ ደብተር ይገዛል። ሰባቱንም የጸሎት ጊዜ እጠብቃለሁ፣ ዳዊት በሳምንት እጨርሳለሁ፣ ሐሜት በቃኝ ይላል። በሁለተኛው ረቡዕ ደብተሩ የልጆች መሳያ ሆኗል። እኔም ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴ አቁሜያለሁ። አንዴማ ከግሸን ስንመለስ ደሴ መናኸሪያ ሳንደርስ ነው ከወንበር ጎረቤቴ ጋር የተጣላሁት። በመስኮት ምክንያት።

ይህ መመሪያ ለሠራተኛ ሰው ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ለሚመላለስ፣ ሰኞ ገበያ ሱቅ ለሚከፍት፣ ፋብሪካ በፈረቃ ለሚገባ፣ ልጆች ይዛ ቤት ለምትውል። ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ ቃላቱ የኔ ቤት ቃላት ናቸው። ሌላ ቤተ ክርስቲያን ያላችሁ ስለ ነፍስ አባት፣ ስለ ጾምና ስለ ቁርባን የጻፍኩትን በራሳችሁ ሥርዓት ተኩት። ቀሪው ብዙም አይለይም።

አንድ ቃል ብቻ አስቀድሜ ላሳያችሁ። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁና» ይላል (4፥11)። የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው። «ተምሬአለሁ» የሚለውን ልብ በሉ። ጳውሎስ እንኳ የተማረው ነገር ከሆነ፣ እኛ በሁለት ሳምንት ስላልመጣልን ምን ያስደንቃል?

## ዝግጅት (ሦስት ቀን ስጡት)

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ስሜቱ ትኩስ ሳለ ዛሬውኑ ይጀምራል። አትጀምሩ። መጀመሪያ እነዚህን አራቱን ጨርሱ።

1. የነፍስ አባታችሁን አግኙ። የእሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ አትሂዱ፣ ሰው ይከባቸዋል። የንግሥ ቀንም አይሆንም። በአዘቦት ቀን፣ ጠዋት ኪዳን ካለቀ በኋላ ጠብቋቸው። የምትሉት አጭር ይሁን፦ «አባ፣ ለ40 ቀን ጠዋትና ማታ ትንሽ ጸሎት ልጀምር ነው። የምችለውን ይስጡኝ። በ40ኛው ቀን መጥቼ እነግርዎታለሁ።» የነፍስ አባት የሌላችሁ፣ ሰፈራችሁ ካለው ደብር ካህን ጠይቁ። «ሰፈሬ እዚህ ነው፣ ንስሐ ልጅዎ ልሁን» ማለት ይበቃል። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

በሦስተኛው ሙከራዬ ወረቀት ይዤ ነበር የሄድኩት። ሰባቱ ሰዓታት፣ ውዳሴ ማርያም፣ በቀን ሁለት ንጉሥ ዳዊት፣ 41 ስግደት። (አንድ ንጉሥ ማለት ዐሥር መዝሙር ነው።) አባ ወረቀቱን አየት አደረጉና አጥፈው መለሱልኝ።

«አቡነ ዘበሰማያት ትችላለህ ልጄ?»

«አዎ አባ።»

«በልልኝ እስቲ።»

አልኩት። ሃያ ሰከንድ አልፈጀብኝም።

«አሁን ደግሞ እየሰማህ ላለ ሰው እንደምትናገር በለው።»

ቀስ ብዬ ጀመርኩ። «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ» (የዕለት ምግባችንን) ላይ ስደርስ ድምፄ ተያዘ። ያን ሰሞን ሁለት ወር ሙሉ ደሞዝ አልገባልኝም ነበር። ለካ ያንን ጸሎት በቀን ሦስቴ እያልኩት አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ያ ሙከራም ቢሆን አልዘለቀም፣ ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

2. ቦታ ምረጡ። ጌታ «ወደ እልፍኝህ ግባ መዝጊያህንም ዘግተህ» ይላል (ማቴ. 6፥6)። አንዲት ክፍል ተከራይቶ ከአራት ሰው ጋር ለሚኖር እልፍኝ የታለ? ለሱ መፍትሔው ማዕዘን ነው። አንድ የግድግዳ ጥግ ለዩ፣ ሥዕለ አድኅኖ ካላችሁ እዚያ ስቀሉ፣ ከሥሩ ምንም አታከማቹ። ሌላው ሰው ተኝቶ ከሆነ መብራት አታብሩ። ነጠላ ተከናንባችሁ በልባችሁ ድምፅ ጸልዩ። የተከናነበ ሰው እልፍኝ ውስጥ ነው።

3. ዕቃ አዘጋጁ። የሚያስፈልጋችሁ አራት ነገር ብቻ ነው፦

- ግእዝና አማርኛ ያለው ዳዊት። አማርኛ ብቻም ይሆናል።
- 50 ገጽ ደብተር፣ እስክሪብቶው በክር የታሰረ። አትሳቁብኝ፤ እስክሪብቶ ፍለጋ ስንቱን ማታ በልቶብኛል።
- ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ያለው ባዶ ቆርቆሮ። ለጾም ነው፣ እንመጣበታለን።
- ጋቢ። የደሴን የኅዳር ሌሊት የምታውቁ ለምን እንደጻፍኩት ይገባችኋል።

4. መዝሙሮቹን አሁኑኑ ምልክት አድርጉባቸው። ጠዋት ላይ «ዛሬ የትኛውን?» ማለት ከጀመራችሁ አምስት ደቂቃ ሄደ። እኔ የምመክራቸው፦ 3፣ 22፣ 50፣ 62፣ 90፣ 120 እና 130። ለማታ 4። ቁጥሩ በእኛ ዳዊት ነው፤ በሌላው ትርጉም አብዛኛው በአንድ ይበልጣል። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው በእኛ 22 ሲሆን እዚያ 23 ነው። 120ን ደሴ ላሉ በተለይ እመርቅላቸዋለሁ። «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ» ብሎ ጀምሮ በር ሲከፍቱ የጦሳ ተራራ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ማግኘት ሌላ ነገር ነው። ጉም ካልሸፈነው።

## ደረጃ 1፦ ማታውን ያዙ (ከቀን 1 እስከ 7)

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዕለት የሚገባው ከምሽት ነው። እናንተም ከምሽት ጀምሩ። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ የወደቅሁት ከጠዋት ስለጀመርኩ ነው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ድረስ ስልክ ስነካካ አምሽቼ 11 ሰዓት ላይ ልነሣ? አይሆንም።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ይኼ ብቻ ነው፦

1. ማታ 3 ሰዓት ላይ ስልኩን በር አጠገብ ቻርጅ ላይ ሰኩት። አልጋ አጠገብ አይሁን። ማንቂያው የሚጮኸው እዚያው ነው፤ ለማጥፋት መነሣት ግድ ይላችኋል።
2. ደብተሩን ክፈቱ። ገጹን በመስመር ለሁለት ክፈሉት። በግራ «የመጣ»፣ በቀኝ «የቀረ» በሉ።
3. በግራ ሦስት ነገር ጻፉ። በቀኝ አንድ።
4. መዝሙር 4ን አንብቡ። አማትቡ። ተኙ።

የሚበላሸው ቁጥር 3 ላይ ነው። ሰው «ጤና፣ ሰላም፣ ቤተሰብ» ብሎ ይጽፋል። በሦስተኛው ቀን እንደገና «ጤና፣ ሰላም፣ ቤተሰብ»። በአምስተኛው ይሰለቸውና ይተወዋል። ከጠዋት እስከ ማታ የነበረ፣ ዓይናችሁ ያየው፣ እጃችሁ የነካው ነገር ጻፉ። ከራሴ ደብተር አንድ ገጽ ልቅዳላችሁ፦

> የመጣ፦ ውሃ መጣ፣ አራት ጄሪካን ሞላን። / የባጃጁ ልጅ ዝርዝር የለኝም ስለው «ነገ ትሰጠኛለህ» አለኝ። / ትንሿ ልጄ ጫማዋን ራሷ አሰረች፣ ግራና ቀኙን አቀያይራ።
>
> የቀረ፦ የቤት ኪራይ። አምስት ቀን ቀረው።

«የቀረ» የሚለውን አትዝለሉት። እንደሌለ ማስመሰል ተመስገን ማለት አይደለም። ዳዊት ራሱ «አቤቱ፥ እስከ መቼ» እያለ ነው የሚያመሰግነው። ግን አንድ ብቻ ጻፉ፣ የዚያን ቀን ትልቁን። አሥር መጻፍ ከፈቀዳችሁ ቀኝ በኩሉ ግራውን ይውጠዋል።

አንድ ማታ ብትረሱ፦ በማግሥቱ የሁለት ቀን አትጻፉ። የረሳችሁትን ቀን ባዶ ተዉትና ቀጥሉ። ዕዳ ማጠራቀም የጀመረ ሰው በሳምንት ውስጥ ይከስራል።

የሌሊት ፈረቃ ለምትሠሩ፦ «ማታ» ማለት ከመተኛታችሁ በፊት ያለው ሰዓት ነው፣ ጠዋት 2 ሰዓትም ቢሆን። ኮምቦልቻ ላይ ብዙ ሰው በሌሊት ይሠራል። በሰዓቱ መለየት አትጨነቁ።

## ደረጃ 2፦ ጠዋት ዐሥር ደቂቃ (ከቀን 8)

ሳምንቱን ማታ ሳትዘሉ ከያዛችሁ ጠዋትን ጨምሩ። ካልያዛችሁ አንድ ሳምንት ድገሙ። ችግር የለውም፣ ማንም አይቆጥርባችሁም።

ቅደም ተከተሉ ይኸው፦

1. ከአልጋ ውረዱ። ፊታችሁን ታጠቡ። ስልኩን አጥፉና እዚያው ተዉት። ዳታ አትክፈቱ።
2. ማዕዘናችሁ ላይ ቁሙ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን» ብላችሁ አማትቡ።
3. አቡነ ዘበሰማያትን በአራት ቦታ ትንፋሽ እየወሰዳችሁ ድገሙ። «ይትቀደስ ስምከ» ላይ፣ «ከማሁ በምድር» ላይ፣ «ሀበነ ዮም» ላይ፣ «ለዘአበሰ ለነ» ላይ።
4. አንድ መዝሙር። አንድ ብቻ።
5. ሁለት ደቂቃ ዝም በሉ። ምንም አትለምኑ።
6. ሦስት ሰው በስም ጥሩ። አንዱ የምትወዱት፣ አንዱ የታመመ ወይም የተቸገረ፣ አንዱ የሚያናድዳችሁ።
7. አማትባችሁ ጨርሱ።

ቁጥር 3 ላይ ትንሽ እንቆይ፣ የነገሩ ሁሉ ሥር እዚያ ስለሆነ። «ዮም» ማለት ዛሬ ማለት ነው። የምንለምነው የዛሬን ነው፤ የመጋቢትን ኪራይ፣ የልጅን የዩኒቨርሲቲ ውጤት በዚያ ቃል ውስጥ አንጨምርም። እስራኤል በምድረ በዳ መናውን ለነገ ሲያስቀምጡት ተላ (ዘፀ. 16)። እኔ «ዮም» ላይ ስደርስ ማታ በቀኝ በኩል የጻፍኩትን «የቀረ» አስባለሁ። ከዚያ ከሱ ውስጥ የዛሬው ድርሻ የቱ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ኪራዩን ዛሬ መክፈል አልችልም። ዛሬ የምችለው አከራዬን ሄጄ «ጋሼ፣ አምስት ቀን ይታገሡኝ» ማለት ነው። እሱን አደርጋለሁ። ቀሪው የዛሬ አይደለም።

ይህን ስል አትቆጥቡ ማለቴ አይደለም። እቁባችሁን ጣሉ። ዮሴፍም ለሰባት ዓመት ራብ እህል አከማችቷል። ገንዘብ ለነገ ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ ነገን ዛሬ ሌሊት አልጋ ላይ መኖር ግን ሌላ ነው።

እዚህ የሚበላሹ ነገሮች

*ሐሳቤ ይበታተናል።* የሁሉም ይበታተናል። ሲመለስላችሁ ካቆማችሁበት ቃል ቀጥሉ። ከመጀመሪያው አትጀምሩ፤ «በትክክል አላልኩትም» እያለ ዐሥር ጊዜ የሚደግም ሰው አውቃለሁ፣ መጨረሻ ላይ ጸሎት አስፈራውና ተወ።

*ልጅ ይነሣብኛል።* አብሯችሁ ይቁም። ያማትብ። ሁለቱን ደቂቃ ዝምታ ዝለሉትና መዝሙሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። የኔዋ አሁን መዝሙር 22ን ግማሹን ታውቃለች፣ «በለመለመ መስክ» የሚለውን «በለመለመ መኪና» ትላለች እንጂ።

*ረፈደብኝ።* አጭሩን አድርጉ፦ ማማተብ፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ ሦስቱ ስሞች። ሁለት ደቂቃ ነው። ሙሉውን በታክሲ እጨርሰዋለሁ አትበሉ፤ ታክሲ ውስጥ ሙዚቃና የረዳት ጩኸት ነው ያለው።

*ምንም አይሰማኝም።* ጥሩ። ስሜት አልጠየቅናችሁም። በሦስተኛው ሙከራ ያቆምኩት ለዚህ ነበር፤ የመጀመሪያው ቀን እንባ እንደገና ካልመጣ ጸሎቱ እየደረሰ አይደለም ብዬ። አባ በኋላ ምን አሉኝ? «ሚስትህ እንጀራ ስታቀርብልህ በየቀኑ ታለቅሳለህ እንዴ? ትበላለህ እንጂ።»

## ደረጃ 3፦ ቀኑን በችንካር ያዙ (ከቀን 15)

አሁን ጠዋትና ማታ ቆሟል። መሐሉ ሰፊ ነው። ቀኑን ሙሉ እግዚአብሔርን አስባለሁ ማለት አይያዝም። የሚይዘው ችንካር ነው። በየቀኑ ሳታስቡት የምታደርጉትን አንድ ድርጊት ምረጡና አንዲት አጭር ጸሎት ስቀሉበት።

- ሱቅ ያለው፦ ጠዋት የቆርቆሮ በሩን ሲያነሣ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»። ማታ ሲያወርደው «ተመስገን»።
- ቤት የምትውል፦ ጀበና በጣደች ቁጥር።
- ማሽን ላይ የሚቆም፦ ማሽኑን በከፈተ ቁጥር።
- መንገደኛ፦ እኔ የያዝኩት የኮምቦልቻን መንገድ ቁልቁለት፣ ሐረጎን ነው። ከደሴ ቁልቁል ስንወርድ የመጀመሪያው ትልቅ መታጠፊያ ላይ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ በመቁጠሪያ እጀምራለሁ። መቁጠሪያው ኪስ ውስጥ ነው፣ ማንም አያየኝም። ብርዱ ለቅቆ ሙቀቱ ሲጀምር ያልቃል። ሲመለሱ ደግሞ በተቃራኒው።

አንድ ችንካር ብቻ። ሁለት አትምረጡ።

ወሎ ውስጥ ለምንኖር ተጨማሪ ስጦታ አለን። ደወል ባንሰማ አዛን እንሰማለን። ጎረቤቴ ሙስሊም ነው፣ ሱቃችን ግድግዳ ይጋራል። ለሶላት ሲነሣ ሱቁን ለኔ አደራ ብሎ ይሄዳል። መጀመሪያ አካባቢ አንድ ቀን «አንተስ መቼ ነው የምትሰግደው?» አለኝ እየሳቀ። መልስ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ እሱ ሲነሣ እኔም ባለሁበት ቆም እላለሁ። እሱ አያውቅም፣ ወይም አውቆ ዝም ብሎኛል።

ማስጠንቀቂያ፦ ችንካሩ ሥራ አያስተጓጉል። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ከንፈር ማንቀሳቀስ ጸሎት አይባልም፣ ትዕቢት ነው። ሚዛኑን በትክክል መዝኑለት፤ የዚያች ሰዓት ጸሎት እሷ ናት።

## ደረጃ 4፦ ሦስቱን የእርካታ ሌቦች ዝጉ (ከቀን 18)

ስልክ። ሁሉንም አጥፉ አልላችሁም፣ አታጠፉትም። ይልቅ አንድ ማታ ቁጭ ብላችሁ ቴሌግራሙንም ቲክቶኩንም ፌስቡኩንም እለፉበት። አይታችሁ ስትዘጉት ቤታችሁ የጠበባችሁን ሦስት ሰው ወይም ገጽ ለዩ። እስከ 40ኛው ቀን ከዓይናችሁ አርቁ። እኔ ካራቅኋቸው አንዱ የአጎቴ ልጅ ነው። ሳውዲ ነው ያለው፣ ደግ ልጅ ነው፣ ምንም አላደረገኝም። ግን አዲስ የገዛውን መኪና ባየሁ ቁጥር ለሚስቴ በደረቁ ነበር የምመልስላት። እሱ ደግሞ፣ በኋላ ስንደዋወል፣ የናቱ ቡና ናፍቆት እንቅልፍ እንደሚያሳጣው ነገረኝ።

ቡና። አደራ፣ ቡና አትተዉ። ወሎ ላይ ቡና ያለ ምርቃት አይጠጣም፣ እሱን ትቶ የት ይኬዳል! ሌባው ሐሜቱ ነው። አቦል ላይ ምርቃት፣ ቶና ላይ የሰው ስም ይነሣል፣ በረካ ላይ ያ ሰው ተሰቅሏል። ስሙ ሲነሣ እንዲህ አድርጉ፦ ተግሣጽ አትስጡ። «ሐሜት ኃጢአት ነው» ያለ ሰው ነገ እሱ ራሱ ቶና ላይ ይነሣል። ስለዚያ ሰው የምታውቁትን አንድ ደግ ነገር ጣል አድርጉ፦ «ልጄ ስትታመም እኮ ሆስፒታል ድረስ የመጣችው እሷ ናት።» ከዚያ ስኒ ለመሰብሰብ ተነሡ። ወሬው ብዙ ጊዜ ራሱ ይታጠፋል። ካልታጠፈ ዝም በሉ። ካመለጣችሁና አብራችሁ ካማችሁ፣ ማታ «የቀረ» በሚለው ጻፉት።

ያልታረቁት ሰው። ይኼ ከባዱ ነው። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል (ማቴ. 5፥23-24)። በ40ው ቀን ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ምረጡ፣ ቀላሉን። ሂዱና ሦስት ነገር በሉ፦ ያደረጋችሁትን በስሙ፣ «አጥፍቻለሁ»፣ «ይቅር በለኝ»። «ምናልባት አስቀይሜህ ከሆነ» አትበሉ። «አንተም ግን» የሚለው ቃል ከወጣ ይቅርታው እዚያው ሞተ። አፋችሁን ያዙ። ሰውየው ፊቱን ቢያዞርባችሁ አትከራከሩ። «እሺ፣ ሌላ ቀን» ብላችሁ ተመለሱ። ነገሩ የደም፣ የመሬት ወይም የትዳር ጠብ ከሆነ ብቻችሁን አትሂዱ፣ ሽማግሌ ላኩ።

## ደረጃ 5፦ ረቡዕና ዓርብ በቆርቆሮው

ብዙዎቻችን ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን። ብዙዎቻችንም በጾም ቀን እንቆጣለን። ይህን አድርጉ፦

1. እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹሙ። የነፍስ አባታችሁ ሌላ ሰዓት ከሰጧችሁ የሳቸውን ያዙ።
2. ያን ቀን ባትጾሙ ለቁርስና ለማኪያቶ የምታወጡትን ብር ቆጥራችሁ ቆርቆሮው ውስጥ ጨምሩ። በግምት አይደለም፣ ቆጥራችሁ።
3. ቅዳሜ ቆርቆሮውን ክፈቱ። ሙሉውን ለአንድ ሰው ስጡ። ሰፈራችሁ ውስጥ ላለ፣ ቤቱን ለምታውቁት። ሃይማኖቱን አትጠይቁ።
4. ለማንም አትናገሩ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ምን እንደሚገጥማችሁ ልንገራችሁ። ከራሳችሁ የባሰ ቤት ትገባላችሁ። እዚያ ቤት ደግሞ ቡና ያፈሉላችኋል። ያን ቀን ማታ ደብተሩን ለመሙላት አትቸገሩም።

ጥንቃቄ፦ ስኳር ያለባችሁ፣ መድኃኒት በሰዓት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡርና አራስ የሆናችሁ፣ ከሐኪምና ከነፍስ አባት ሳትመክሩ ከእህል ውሃ አትከልከሉ። ቆርቆሮውን ግን ሁላችሁም ትችላላችሁ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት የረቡዕና የዓርብ ጾም የለም። ያኔ ቆርቆሮው ብቻ ይቀጥላል።

## ደረጃ 6፦ ቅዳሜ ማታ የሚጀምር እሑድ

ነጠላውን ቅዳሜ ከሰዓት አጥባችሁ አስጡ። በክረምት ደሴ ላይ ዓርብ እጠቡት፣ አይደርቅም። ቅዳሜ ማታ በጊዜ ተኙ። እሑድ ቅዳሴ ሳይገባ ድረሱ። ስልኩን ቤት ተዉት፤ «ድምፁን አጥፍቼዋለሁ» የሚባለው ነገር ኪስ ውስጥ ሲነዝር የቅዱስ ወንጌሉን ንባብ ያስረሳል። ከወንጌሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ ውጡና ማታ ደብተር ላይ ጻፉት።

አሁን ስለ ቁርባን ትንሽ እልከኛ ልሁን። «ቁርባን የሽማግሌና የሕፃን ነው» የሚል አባባል መሐላችን ቆሟል። ወጣቱ ይፈራል፣ ባለትዳሩ ነገ ይላል። በደጅ ቆሞ አርባ ዓመት ያስቀደሰና አንድም ቀን ያልቀመሰ ሰው ሞልቷል። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ብላ አላስተማረችም። በ40ው ቀን ውስጥ ንስሐ ግቡ። አባታችሁ ሲፈቅዱላችሁ ቁረቡ። ከመቁረብ በፊት 18 ሰዓት መጾም እንዳለ አትርሱ፤ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አፋችሁን ትዘጋላችሁ ማለት ነው። ለንስሐ ስትሄዱ ታሪክ አታብዙ። ሌላ ሰው ያደረጋችሁን አትናገሩ። እናንተ ያደረጋችሁትን ብቻ።

## ሁሉም ነገር ሲበላሽ

ሦስት ቀን በተከታታይ ከዘለላችሁ፦ ወደ ቀን 1 አትመለሱ። ወደ ደረጃ 1 ተመለሱና ሦስት ማታ ደብተሩን ብቻ ጻፉ። በአራተኛው ቀን ጠዋቱን መልሱት። ቁጥሩ ካቆመበት ይቀጥላል።

ኩራት ከመጣባችሁ፦ ይመጣል፣ በ20ኛው ቀን አካባቢ። ምልክቱ «ሰዉ ግን እንዴት ነው የሚኖረው?» ማለት መጀመራችሁ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ለሁለት ቀን በጠዋቱ ጸሎት መዝሙር 50ን ብቻ አንብቡ።

«ይበቃኛል» መብታችሁን ሊያስቀማችሁ ከሆነ፦ ያ ሁለት ወር ደሞዝ ያልገባልኝ ጊዜ አለቃችን «ክርስቲያን አይደለህም? ታገሥ እንጂ» ብሎኝ ነበር። ታገሥኩ። አጠፋሁ። ጳውሎስ የበቃው የራሱ ኑሮ ነው፤ የሠራተኛ ደመወዝ ይቅር አላለም። ያዕቆብ ደግሞ በመልእክቱ የተቀማ ደመወዝ ይጮኻል ይላል (5፥4)። የሚገባችሁን በጨዋ ቋንቋ፣ በጽሑፍ ጠይቁ። ባል ወይም ዘመድ የሚመታችሁ ከሆነም ይኸው ነው። «በቃኝ» ብሎ መውጣት እንጂ «ይበቃኛል» ብሎ መቀመጥ አይደለም።

ሐዘኑ አልለቅ ካለ፦ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካልቀመሳችሁ፣ መኖር ካስጠላችሁ፣ ይህን መመሪያ ዝጉና ሐኪም ቤት ሂዱ። ሰው አስከትሉ። ጠበሉንም ጠጡ፣ መድኃኒቱንም ዋጡ፤ አንዱ አንዱን አያስቀርም። የጀመራችሁትን መድኃኒት ለጠበል ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ።

## ቀን 40

1. ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ አንብቡ። «የመጣ» የሚለውን ብቻ ሳይሆን «የቀረ» የሚለውንም።
2. ከቀረው ውስጥ ስንቱ በራሱ እንደተፈታ፣ ስንቱ እንዳለ፣ ስንቱን ለምን እንደጻፋችሁት እንኳ እንደማታስታውሱ ምልክት አድርጉ። የኔ ገጾች ላይ ሦስተኛው ዓይነት ከሁለቱም ይበዛ ነበር። ኪራዩ ግን አሁንም አለ።
3. ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ነፍስ አባታችሁ ሂዱ። ቃል ገብታችኋላ። ያልቻላችሁትንም ንገሯቸው።
4. አንድ ነገር ብቻ እንዲጨምሩላችሁ ጠይቁ። አንድ። የውዳሴ ማርያም የዕለቱን ክፍል ሊሰጧችሁ ይችላሉ፣ ወይም ሁለተኛ መዝሙር።

እኔ በአራተኛው ሙከራ ስሄድ ያችን የታጠፈች ወረቀት አሁንም ኪሴ ውስጥ ነበረች። አባ ተቀብለው ዘረጓትና ከዝርዝሩ አንዱን መስመር በእስክሪብቶ ከበቡት። «ይቺን ለአሁኑ። ሌላዋን ለከርሞ።»